የጥርስ ሕክምና፦ መንግሥት ቤት ወይስ ግል? ጠይቁኝ

ዶክተር፦ ስምንት ዓመት በመንግሥት ሆስፒታል፣ አምስት ዓመት በግል ክሊኒክ ጥርስ አክሜያለሁ። እስከ ማታ አለሁ። ሳላይ ዋጋ አልናገርም፤ ክሊኒክም አልጠቁምም።

ሀና፦ ሩት ካናል ስንት ነው?

ዶክተር፦ የትኛው ጥርስ? ሩት ካናል ማለት በጥርሱ ሥር ውስጥ ያለውን ቦይ አጽድቶ መሙላት ነው። የፊት ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦይ ነው ያለው። መንጋጋ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት። ሥራው እኩል ሳይሆን ዋጋው እንዴት እኩል ይሆናል?

ሀና፦ የታች መንጋጋ ነው። መንግሥት ቤት ቀጠሮው ረዘመብኝ። ግል ልሂድ?

ዶክተር፦ እንዲህ ጠይቁኝ! ልዩነቱ ሐኪሙ ላይ አይደለም። ጠዋት ሆስፒታል ያየሽው ሐኪም ማታ ግል ክሊኒክ ልታገኚው ትችያለሽ። ልዩነቱ ጊዜና ዕቃ ነው። መንግሥት ቤት ወረፋው በር ላይ ቆሟል፤ ዕቃም ያልቃል። ስለዚህ ሊድን የሚችል ጥርስ ይነቀላል። ግል ጋ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ሙሌት የሚበቃው ጥርስ ሩት ካናል ይታዘዝለታል። ሁለቱንም በዓይኔ አይቻለሁ። የትም ሂጂ፣ ኤክስሬይ ጠይቂ፦ ሳይጀመር፣ የሥሩ ርዝመት ሲለካ፣ ሲያልቅ። ያለ ኤክስሬይ ሩት ካናል አታሠሩ! ዋጋ ስትጠይቂም «ካፑን ጨምሮ» በይ፤ ካፕ ጥርሱ ላይ የሚለበስ ሽፋን ነው። ካፕ ያልለበሰ መንጋጋ አንድ ቀን ቆሎ ስትበይ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ቢኒ፦ ነቅሎ መገላገል ነው እንጂ። አባቴ 70 ዓመቱ ነው። መፋቂያ ብቻ! አንድም አልጎደለበት።

ሰላም፦ አባትህ እንዳንተ በቀን ሁለት ለስላሳ ይጠጣሉ?

ቢኒ፦ ሻይ በአራት ማንኪያ ስኳር ነው የሚጠጣው 😂

ሰላም፦ ስለዚህ ዘር ነው በለኛ፣ መፋቂያው አይደለም።

ዶክተር፦ የመፋቂያውን ክርክር ሌላ ቦታ። ቢኒ፣ ሲነቀል ጎረቤት ጥርሶቹ ወደ ክፍተቱ ይጋደማሉ። ኋላ ማስተካት ከማዳኑ በላይ ያስወጣል።

የዝዋይ ልጅ፦ ጥርሴ ቡናማ ነው። ባሳጥበው ይነጣል?

ዶክተር፦ አይነጣም። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ውስጥ የሚበዛው ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ነው፤ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሳለ የገባ።

ማርታ ከዲሲ፦ ለአንድ ወር እመጣለሁ። ኢምፕላንት አስተክዬ እመለሳለሁ?

ዶክተር፦ ዋጋው ከዲሲ ይሻልሻል፤ ወሩ ግን አይበቃሽም። ኢምፕላንት በጥርስ ሥር ፋንታ መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከል ብሎን ነው፤ ብሎኑ ከአጥንቱ ጋር እስኪዋሐድ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጃል። ሁለት ጉዞ አስቢ። የብሎኑን ዓይነት በጽሑፍ ተቀበዪ፤ ቢላላ እዚያ ያለው ሐኪም በምን ያውቀዋል? ኤክስሬዩንም ይዘሽ ሂጂ።

ዮናስ፦ ንጽሕናው የቱ ጋ ይሻላል?

ዶክተር፦ በሕንፃው አትፍረድ። ዕቃው ከታሸገ ከረጢት ፊትህ ሲከፈት እይ። ካላየህ አፍህን አትክፈት።

አቤል፦ ዶክተር፣ ሩት ካናል ስንት ነው?

ዶክተር፦ አቤል፣ ከላይ አንብብ።

አቤል፦ በግምት እንኳ?

ዶክተር፦ ኤክስሬይ ተነስተህ ና።