ልጅ ኬሚካል ሲጠጣ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

የልጆች ድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። በቤት ኬሚካል ስለሚመረዙ ሕፃናት ከጠየቃችሁኝ የተወሰኑትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ የሁለት ዓመት ልጄ በረኪና ተጎነጨ። ቶሎ ወተት ሰጠሁት። ልክ ነኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ የቤት በረኪና አንድ ጉንጭ ከሆነ ብዙውን ጊዜ አፍና ጉሮሮ ከማቃጠል አያልፍም። አፉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊለት፣ ውሃ ትንሽ ትንሽ ስጪው። ጥቂት ወተትም አይጎዳውም፤ ማርከሻ ግን አይደለም። በላይ በላዩ ካጋትሽው ያስመልሰዋል። ምራቁ ከተዝረከረከ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ድምፁ ከጎረነነ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ወደ ሐኪም ቤት ሩጪ።

ጥያቄ፦ ላምባስ? እናቴ «ጣትሽን ከተሽ አስመልሺው» ትላለች።

መልስ፦ እማማ ይቅር ይበሉኝና፣ በፍጹም! ላምባ የሚጎዳው ከሆድ ይልቅ ሳንባን ነው። ቀጭን ስለሆነ ሲያስመልሰው በቀላሉ ወደ አየር ቧንቧ ይገባል። ከዚያ ሳል፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የሳንባ ምች ይከተላል። ወተትም ዘይትም አትስጪው። የነካውን ልብስ አውልቂ፣ ገላውን በሳሙና እጠቢ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት። ምልክቱ ዘግይቶ ሊመጣ ስለሚችል ደህና ቢመስልም ቢያንስ 6 ሰዓት መታየት አለበት። «እየተጫወተ እኮ ነው» ብሎ ይዞ መመለስ አይሠራም።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ ፈሳሽ ሳሙና እንሠራለን። ኮስቲክ ሶዳ ቢቀምስ ሎሚ ያረክሰዋል?

መልስ፦ አያረክሰውም፣ ይብስበታል። ማስመለስም ክልክል ነው፤ ሲወጣ ጉሮሮውን እንደገና ያቃጥላል። አፉ ላይ ቁስል ባይታይም ምግብ የሚወርድበት ቧንቧ ተቃጥሎ፣ ከሳምንታት በኋላ ሊጠብ ይችላል። በቀጥታ ሆስፒታል።

ጥያቄ፦ ከሰል ፈጭቼ ላጠጣው?

መልስ፦ የምድጃ ከሰል መድኃኒት አይደለም። ሆስፒታል ለመርዝ የሚሰጠው የተዘጋጀ ከሰልም ቢሆን ለላምባና ለኮስቲክ አይሰጥም።

ጥያቄ፦ ለትኋን የተገዛ ማላታይን ለቅማል ብለው የልጄን ፀጉር ቀቡት።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይሄ መርዝ በቆዳም ይገባል። እጅህ ላይ ጓንት ወይም ፌስታል አድርገህ ልብሷን አውልቅ፣ በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠባት። ላብ፣ እንባ፣ ለሃጭ፣ ተቅማጥ፣ የዓይን ብሌን መጥበብ፣ የጡንቻ መንቀጥቀጥ ካየህ አንድ ደቂቃ አታባክን። ምልክት ባይኖርም ለሐኪም አሳያት። አትሮፒን የሚባል መድኃኒት አለው። የመርዙን ዕቃ ይዘህ ሂድ፤ እኛ በግምት ከምናክም ይሻላል።

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)፦ ልጄ ከረሜላ የሚመስለውን፣ በስስ ሽፋን የታሸገ ፈሳሽ የልብስ ሳሙና ነክሶ ዓይኑ ውስጥ ፈሰሰ።

መልስ፦ መጀመሪያ ዓይኑን ለብ ባለ ውሃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እጠቢ። ከዚያ ወደ አሜሪካ የመርዝ መረጃ ማዕከል፣ 1-800-222-1222 ደውዪ። ነፃ ነው፣ ሌሊትም ይሠራል፣ አስተርጓሚ መጠየቅ ትችያለሽ። ራሱን ከሳተ ወይም መተንፈስ ካቃተው 911። ኢትዮጵያ ያላችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ታክሲ ከቀደመ ግን በታክሲ ሂዱ።

ጥያቄ፦ የት እናስቀምጠው?

መልስ፦ ከፍ ያለና የሚቆለፍ ቦታ፣ በራሱ ዕቃ። ላምባና በረኪና በውሃ ፕላስቲክ የምንቀዳው ነገር በጣም ያናድደኛል። ልጁ ምን ያድርግ? ውሃ ሁሌም የሚጠጣው በዚያው ፕላስቲክ ነው።