መልስ፦ ሜዲኬር ከከፈለ በኋላ የቀረው 20 በመቶ ከማን ይጠየቃል?

ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ዕድሜያቸው 65 ለሞላ ሰዎች የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ) ሳይከፍለው የቀረውን 20 በመቶ ከታካሚዎ ይቀበሉ ወይስ ከሁለተኛው ኢንሹራንስ ለሚለው ጥያቄዎ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሁለተኛው ኢንሹራንስ ነው።

ፓርት ቢ የተባለው፣ ሆስፒታል ሳይተኙ የሚሰጥ ሕክምናን የሚሸፍነው የሜዲኬር ክፍል፣ ታካሚው በየዓመቱ ከኪሱ የሚሸፍነው መነሻ ክፍያ ከተሟላ በኋላ፣ ለሳይኮቴራፒ (በንግግር ለሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና) ካጸደቀው 100 ዶላር 80ውን ይከፍላል። ሜዲኬር በሚልክልዎ የክፍያ መግለጫ ላይ «ኤምኤ18» የሚል ኮድ ካለ፣ የክፍያ ጥያቄው ወደ ሁለተኛው ኢንሹራንስ በቀጥታ ተላልፏልና ደግመው አይላኩ፤ ከሌለ ግን ከመግለጫው ቅጂ ጋር አያይዘው እርስዎ ይልካሉ። ታካሚው ኪውኤምቢ በተባለው የሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ድጋፍ የታቀፈ ከሆነ፣ ሁለተኛው ከፋይ አንዲት ሳንቲም ባይሰጥዎ እንኳ የቀረውን ከእርሱ መጠየቅ ክልክል ነው።

እኔን ያከሰረኝ ሌላ ነው። ዕድሜያቸው ከ65 ያለፈ፣ ሥራቸውን ግን ያልተዉ ታካሚ ነበሩኝ፤ 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉት ድርጅት የሚሠራ ሰው በአሠሪው በኩል ኢንሹራንስ ካለው፣ ቀዳሚው ከፋይ ያ ኢንሹራንስ መሆኑን ሳላጣራ ሜዲኬርን አስቀደምሁ። ከወራት በኋላ ሜዲኬር ገንዘቡን መልሶ ሲወስድ፣ ለአሠሪው ኢንሹራንስ የክፍያ ጥያቄ የማስገቢያ ጊዜም አልፎ ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀጠሮ ካርዶቹን ኮፒ ሲያደርጉ፣ «እርስዎ ወይም ባለቤትዎ አሁንም ሥራ ላይ ናችሁ?» ብለው ይጠይቁ።