የውሃ ቦርሳው ቱቦ እንዳይንጠለጠል

እህታችን የጠየቀችው ባጭሩ ይህ ነው። ባለ 2 ሊትር የውሃ ቦርሳ ገዛች፤ ጀርባ ላይ የሚታዘል፣ ውስጡ ካለው ከረጢት ውሃ በቱቦ የሚጠባበት። ስትራመድ ቱቦው ደረቷን ይደበድባታል፣ ስታጎነብስ ደግሞ መሬት ይልሳል። ቱቦውን የሚይዘው፣ አብሮት የመጣው ክሊፕ ገና በመጀመሪያው ጉዞ እንጦጦ ላይ ጠፋ። አሁን "ማግኔት ያለውን ላስመጣ ወይስ ተራው ይበቃል?" ትላለች።

እኔ ይህን ቦርሳ ተሸክሜ እሁድ እሁድ መውጣት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ ላይ ጓደኞቼ "ጡጦህን ያዝክ?" እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። አሁን ሁሉም ገዝተዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ያልሞከርኩት ማያያዣ የለም ማለት ይቻላል፤ መልሴ ቢረዝም አትቀየሚኝ።

ክሊፕ ከመግዛትሽ በፊት ቱቦውን እዪው። ብዙ ጊዜ ችግሩ ርዝመቱ ነው። ቱቦው የሚሠራው ለረጅም ሰውም እንዲደርስ ተደርጎ ነው። አንቺ መካከለኛ ቁመት ካለሽ ትርፉ ይንጠለጠላል። ትርፉ እያለ የፈለግሽውን ክሊፕ ብትገዢ መወዛወዙ አይቀርም።

ስለዚህ ከረጢቱን ሙይው፣ ቦርሳውን ልበሺ፣ የደረት ቀበቶውንም እሰሪ። ቱቦውን በማንገቻው ላይ አምጪና አንገትሽን ወደ ጎን አዙረሽ ጫፉን አፍሽ ውስጥ ክተቺ። ሳይወጠር ከደረሰና ትንሽ ከተረፈ እዚያ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጊ። የሚጠባውን ጫፍ ንቀይው፤ እምቢ ካለ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ለአፍታ ንከሪው፣ ይላላል። ከዚያ በአዲስ ምላጭ ቀጥ አድርገሽ ቁረጪ። ግን በአንድ ጊዜ 2 ሳንቲሜትር ብቻ! እየቆረጥሽ ለኪ። እኔ በአንድ ምት አንድ ስንዝር ቆርጬ ዓመቱን ሙሉ አንገቴን እንደ ኤሊ እየቀበርኩ ስጠጣ ከረምኩ።

ሁለተኛው ነገር፣ ቱቦው የሚያዘው አንድ ቦታ ላይ ሳይሆን ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንዱ ከላይ፣ ከአንገትሽ ሥር ያለው አጥንት አካባቢ፤ ቱቦው የሚያልፍበት ቀለበት። ሌላው ከታች፣ ጫፉ አጠገብ፤ ክሊፑ። ነፃ ሆኖ የሚንቀሳቀሰው ከክሊፑ በኋላ ያለው አንድ መዳፍ የሚያህል ክፍል ብቻ መሆን አለበት። ብዙ ሰው ክሊፑን ብቻ ያደርግና ከላይ ያለው ቱቦ እንደ እጀታ ከትከሻው ላይ ቆልምሞ ይቆማል። ቁጥቋጦ ውስጥ ስታልፊ ቅርንጫፍ የሚይዝሽ በዚያ ነው።

በየትኛው ትከሻ? ዱላ ከምትይዢበት እጅ በተቃራኒው።

አሁን ወደ ክሊፖቹ። ማግኔት ያለው በእርግጥ ያምራል። አንዱ ክፍል ቱቦው ላይ፣ ሌላው የደረት ቀበቶው ላይ ነው። ጠጥተሽ ስትለቂው ጠቅ ብሎ ራሱ ይገባል፣ ማየት አያስፈልግሽም። ጓንት ላደረገ ሰው ከሱ የሚሻል የለም። ግን ሦስት ነገር ልንገርሽ። የደረት ቀበቶውን በፈታሽ ቁጥር ቱቦው ይፈታል፤ ዳገት ላይ ሲሞቀኝ እኔ የመጀመሪያው የምፈታው እሱን ነው። ሁለተኛ፣ ኮምፓስ ያሳብዳል። መናገሻ ሱባ ጫካ ውስጥ ስልኬን ማንገቻው ላይ ባለው ኪስ አድርጌ ነበር። የካርታውን አቅጣጫ ለማየት እዚያው ደረቴ ላይ እንዳለ ጎንበስ ብዬ ሳየው ቀስቱ ይሽከረከራል። ስልኩ ተበላሸ ብዬ ደነገጥኩ። ከደረቴ አርቄ ስይዘው ተስተካከለ፤ ጥፋቱ የማግኔቱ ነበር። ሦስተኛው አስቂኝ ነው። ቦርሳሽን አቧራ ላይ ስታስቀምጪ ማግኔቱ ከአፈሩ ውስጥ ብረት ያለበትን ጥቁር ደቃቅ አሸዋ ለቅሞ ይነሳል። የእኛ ደጋ አፈር ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ ስለሆነ ይህ አሸዋ ሞልቶታል። እንደ አጭር ፂም ቆሞ ታገኚዋለሽ። በጨርቅ ስትጠርጊው ይሸሻል እንጂ አይወጣም። እኔ በፕላስተር እያጣበቅኩ ነው የማነሳው። ሲበዛ ክሊፑ በደንብ አይገጥምም።

የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው ካለ ደግሞ ማግኔት ደረቱ ላይ ጨርሶ አያድርግ። ይህ ቀልድ አይደለም።

ባጅ ማንጠልጠያውንም ሞክሬያለሁ፤ ያ ክሩ ተስቦ የሚመለሰውን። ከመሥሪያ ቤት መታወቂያዬ ላይ ፈትቼ ቱቦው ላይ አሰርኩት። ለሁለት ወር ንጉሥ ነበርኩ። ከዚያ አቧራ ገባበትና ክሩ መመለሱን ተወ። ውሃ የሞላ ቱቦ ለሱ ይከብደዋል።

ቬልክሮ፣ ያ ሲላቀቅ ጭርር የሚለው፣ ርካሽ ነው፤ ለላይኛው ቀለበት ይሆናል። ለታችኛው ግን አይመችም። በጠጣሽ ቁጥር ጭርር፣ በጠጣሽ ቁጥር ጭርር። በዚያ ላይ ከመስከረም እስከ ኅዳር ጭጎጎት ይሞላዋል። ነገሩ ያስቃል፤ ቬልክሮን የፈለሰፈው ስዊዘርላንዳዊው ጆርጅ ደ ሜስትራል ሐሳቡን ያገኘው ውሻው ፀጉር ላይ ከተጣበቀ የጭጎጎት ዓይነት ፍሬ ነው። ዘመድ ከዘመዱ ነው የሚገናኘው።

የልብስ መቆንጠጫስ? አትሳቂ። የመጀመሪያው ክሊፕ ራሱ እሱ ነበር። ማይክል አይድሰን የሚባል የአምቡላንስ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ቴክሳስ ውስጥ በሐሩር 100 ማይል በብስክሌት ሊወዳደር ነው። የግሉኮስ ከረጢት ውሃ ሞላና ካልሲ ውስጥ ከትቶ ማልያው ጀርባ ላይ አደረገው። ቱቦውን በትከሻው አሳልፎ በልብስ መቆንጠጫ ያዘው። ካሜልባክ የሚባለው ቦርሳ የተወለደው ከዚያ ነው። ስለዚህ ለአንድ እሁድ መቆንጠጫ ብትጠቀሚ የሚያሳፍር አይደለም። ብቻ አፉ ላይ ክብ ክፍተት ያለውን ምረጪ፤ አለበለዚያ ቱቦውን ጨፍልቆ ውሃ ይከለክልሻል። ስፖንጅ ያለውን ወፍራም ማንገቻም አይዝም፣ ከሱ በታች ያለውን ጠፍጣፋ ጥብጣብ አስነክሺው።

እኔ አሁን ያለሁበት ይኸውና። ከላይ ላስቲክ፣ ከታች ተራ የሚሽከረከር የፕላስቲክ ክሊፕ። ጀርባው ጥብጣቡ ላይ ይነክሳል፣ ፊቱ ቱቦውን አቅፎ ይዞራል። ስጠጣ ክሊፑን አልነካውም፤ ጫፉን ወደ አፌ አዞራለሁ፣ ስጨርስ መልሼ አዙሬ እተወዋለሁ። ከሦስት ዓመት በላይ ሆነው። ሲገዛ ሁለት ልክ ይታያል፤ የቱቦው ውፍረትና የጥብጣቡ ስፋት። ብዙው ቱቦ ከውጭ ሲለካ ወደ 1 ሳንቲሜትር ይጠጋል፣ ሙቀት መከላከያ ጨርቅ የለበሰው ግን በጣም ይወፍራል። ጥብጣቡ ወይ 2 ወይ 2.5 ሳንቲሜትር ነው። ዘመድ ከውጭ ሲልክልሽ ይህን ሳትነግሪው ቀርተሽ የማይገባ ክሊፕ እንዳይመጣልሽ።

ላስቲኩን ማንም ጫማ ሰፊ ይሠራልሻል። የሱሪ ወገብ ላይ የሚገባውን ጠንካራ ላስቲክ ገዝተሽ ሂጂ። ግራና ቀኙን ማንገቻው ላይ ይስፋው፣ መሀሉ ክፍት ይሁን፤ የሚጠባው ጫፍ ሲለጠጥ እንዲያልፍ። ከመሄድሽ በፊት የውሃ ከረጢቱን ከቦርሳው አውጪ። የእኔን ሰውዬው ወስፌውን ሲሰድ ከረጢቱ ውስጥ ነበር፣ ቀሪውን ታውቂዋለሽ።

ከክሊፕ ወጣ ያለ ቢሆንም አንድ ነገር ልጨምር። ጫፉ አጠገብ መዝጊያ ካለው መኪና ውስጥ ሁሌም ዝጊው። ወደ ወንጪ ስንሄድ ቦርሳዬን ሚኒባሱ ኋላ ወረወርኩት። የሌሎቹ ቦርሳ ላዩ ላይ ተከመረና ጫፉን ተጫነው። ስንደርስ ከረጢቱ ባዶ ነው፣ ለምሳ የያዝነው ድፎ ዳቦ ደግሞ ገንፎ ሆኗል። እስከ ዛሬ ይነሳብኛል።

ስሜን ተራሮች ለመሄድ ካሰብሽ ደግሞ ጨነቅ ካምፕ ከ3,600 ሜትር በላይ ነው፣ ሌሊቱ ውሃን በረዶ ያደርጋል። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ሳይነካ ቱቦው ውስጥ ያለው ብቻ በረዶ ይሆናል። ጠጥተሽ ስትጨርሺ እፍ ብለሽ ውሃውን ወደ ከረጢቱ መልሺው። ጠዋት ጠዋትም ቱቦውን ከክሊፑ አውጥተሽ ጃኬትሽ ውስጥ አስገቢው።

ማግኔቱን አሁን አታስመጪ። ቱቦሽን ቁረጪና ውፍረቱን ለክተሽ ንገሪኝ። ሁለት ትርፍ ክሊፕ አለኝ፣ ከገጠመሽ እሁድ ይዤልሽ እመጣለሁ።