በጃፓን ሺማኔ ግዛት የት ልሂድ፣ ምን ልብላ ለሚለው ጥያቄ መልስ

ጤና ይስጥልኝ። በሺማኔ ሁለት ቀን ስለሚቆዩ፣ በመጀመሪያው ቀን ወደ ኢዙሞ ታይሻ (የጃፓን ነባር ሃይማኖት የሆነው የሺንቶ ቤተ መቅደስ) እንዲሄዱ አጥብቄ እመክራለሁ፤ የዛሬው ዋና መቅደስ እ.ኤ.አ. በ1744 የተሠራና 24 ሜትር ከፍታ ያለው ነው። ሲመለሱ በአቅራቢያው ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ የኢዙሞ ሶባን (ባክዊት ከተባለ እህል የሚሠራ ኑድል) ሳይቀምሱ እንዳያልፉ። እህሉ ከነገለፈቱ ስለሚፈጭ ኑድሉ ጠቆር ያለና ጠንካራ መዓዛ ያለው ሲሆን፣ በሦስት ተደራራቢ ክብ ሳህኖች ይቀርባል፤ መረቁን በላይኛው ሳህን ላይ አፍስሰው ኑድሉን ከጨረሱ በኋላ፣ የተረፈውን መረቅ ወደሚቀጥለው ሳህን ይገለብጡታል። መረቁ ብዙውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ ስለሚዘጋጅ፣ በጾም ዓሣ የማይመገቡ ከሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። በማግስቱ በሺንጂ ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ በሚጓዘው የኢቺባታ ባቡር ወደ ማትሱዌ ከተማ ተሻግረው፣ የመጀመሪያውን የእንጨት ሕንፃውን ይዞ የቆየውን ግንብ ይጎብኙ።