ለንደን ላይ ግድግዳ ልታፈርሱ ላሰባችሁ

ባለፈው ሰሞን የእኅቴ ልጅ ከለንደን ደወለች። «ጋሼ፣ የወጥ ቤቱን ግድግዳ አፍርሼ ከሳሎኑ ጋር ላገናኘው ነው፤ ሠራተኛው ቅዳሜ ይገባል።» ደብረ ማርቆስ በረንዳዬ ላይ ቡና እየጠጣሁ ነበር። «ፈቃዱስ?» አልኳት። «ቤቱ የራሴ አይደል እንዴ?»

እኔም ያኔ ለንደን ስኖር እንደዚሁ ነበር ያልኩት። አባቴ ለእኅቴ ሠርግ ከጓዳው ወደ ደጅ በር ሲያወጣ፣ ምርጉን በመጥረቢያ ጀርባ አርግፎ፣ የባሕር ዛፍ ማገሩን ቆርጦ፣ ረፋዱ ላይ ጨረሰው። ማንን ይጠይቃል?

ግራ የሚያጋባን «ሊዝ» የሚለው ቃል ነው። እዚህ ከመንግሥት በሊዝ የምንይዘው መሬቱን ነው፤ ለመኖሪያ 99 ዓመት። የሠራነው ቤት የራሳችን ነው። እዚያ ግን በሊዝ የተያዘው ራሱ ፍላቱ፣ ማለትም በሕንፃው ውስጥ ያለው መኖሪያ ነው። ከካውንስል (ከአካባቢው አስተዳደር) የተከራያችሁትን ቤት በራይት ቱ ባይ፣ ማለትም በተከራይ የመግዛት መብት የገዛችሁ ብዙውን ጊዜ 125 ዓመት ተሰጥቷችኋል፤ ሕንፃው ግን የፍሪሆልደሩ፣ ማለትም የሕንፃውና የመሬቱ ባለቤት ነው። በአብዛኛው ውል የእናንተ ድርሻ ከግድግዳው ልስን ወደ ውስጥ ያለው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ውሉን አውጡና አንብቡ። ከጠፋባችሁ ላንድ ሬጅስትሪ (የመሬትና የቤት ባለቤትነት መዝጋቢው መሥሪያ ቤት) በትንሽ ክፍያ ቅጂውን ይሰጣል። ስለ ለውጥ የሚናገረውን አንቀጽ ፈልጉ። «ፈጽሞ አይቻልም» የሚል ከሆነ ባለቤቱ ምክንያት ሳይሰጥ እንቢ ሊላችሁ ይችላል። «ያለ ፈቃድ አይቻልም» ካለ ደግሞ፣ ሥራው ማሻሻያ እስከሆነ ድረስ፣ እ.ኤ.አ. የ1927ቱ የአከራይና ተከራይ ሕግ ያለ በቂ ምክንያት እንዳይከለክላችሁ ይጠብቃችኋል። ስለ ወለልም ተመልከቱ፤ ምንጣፍ አንስቶ እንጨት ማንጠፍ የሚከለክል ውል ብዙ ነው። ለእኛ ቤት ሙቀጫ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከታች ያለው ጎረቤት እያንዳንዷን ውቀጣ ይቆጥራታል።

ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን፤ ከንድፍ ጋር። ግድግዳው ሸክም የተሸከመ ከሆነ የመሐንዲስ ስሌት ይጨመርበታል። የባለቤቱን ሰርቬየር (የሕንፃ መርማሪ ባለሙያ) እና ጠበቃ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ፤ አስቀድማችሁ ግምቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ዋጋው ከበዛ አቤት የምትሉበት ትሪቡናል (ዳኝነት ሰሚ) አለ። የካውንስሉ የሕንፃ ቁጥጥር ፈቃድ ደግሞ ሌላ ነው፤ የሕንፃው ባለቤት ራሱ ካውንስሉ ቢሆንም አንዱ ለሌላው አይተካም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

እኔን የሕንፃው አስተዳዳሪ በስልክ «ችግር የለውም» ብሎኝ ነበር። ያንን ቃል ይዤ አፈረስኩ። ከዓመታት በኋላ ወደ አገሬ ለመመለስ ፍላቱን ስሸጥ የገዢው ጠበቃ «የፈቃዱ ወረቀት የታለ?» አለ። ስልክ ወረቀት አይሆን! በፈረሰው ግድግዳ ፋንታ ሸክሙን የሚይዘው አግዳሚ መግባቱን ለማሳየት ኮርኒስ አስከፈትኩ፣ መሐንዲስ ከፈልኩ፣ ገዢው በመሃል ሄደ። እዚህ የጀመርኩት ቤት ቆርቆሮ ሳይለብስ ክረምት ደረሰበት፤ የጭቃው ግድግዳ ሲሟሟ በቴሌግራም ቪዲዮ አየሁት።

ማታ ልጅቷ የውሉን ገጽ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። «ያለ ፈቃድ» ይላል፤ ተመስገን። ሠራተኛው ግን ቀብድ በልቷል። ቅዳሜ መጥቶ ቀለም ይቀባልሽ አልኳት።