ለፔጆ 404 ዕቃ ማንሃይም ድረስ መሄድ ያዋጣል ወይ ላልከው ወንድሜ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። «አባቴ ጥሎልኝ ያለፈውን ፔጆ 404 ማስነሳት እፈልጋለሁ። ጀርመን ማንሃይም በየዓመቱ የሚቆመው የአሮጌ መኪና ዕቃ ገበያ ድረስ መሄድ ያዋጣል? ምንስ ይዤ ልሂድ?» ብለሃል። ድሬ ነኝ፣ ጀርመን ዘመድ አለኝ ያልከውንም አንብቤያለሁ። እኔ ሐረር ነኝ። የእኔም 404 የአባቴ ናት። እኔም እህቴ ጋ አርፌ ነው የሄድኩት። ስለዚህ ያየሁት ሁሉ ለአንተም ይሆናል ብዬ ነው የምነግርህ። የቪዛውን ነገር ሌሎቹ መልሰውልሃል፤ እኔ አልደግመውም።

መልሴ ያዋጣል ነው። ብዙ ሰው የሚከስረው ገበያው ላይ አይደለም። ወይ ገና ከቤቱ ሳይወጣ ይከስራል፣ ወይ ዕቃው አገር ከገባ በኋላ። ሁለቱንም በዓይኔ አይቻለሁ።

1ኛ፦ ሞተርህን ሳታስለካ ትኬት እንዳትቆርጥ። ሁሉም ሰው «የ404 ሞተር» ይላል፤ ግን 404 የገባላት አንድ ዓይነት ሞተር ብቻ አይደለም። ዋናው 1618 ሲሲ ነው፣ የሲሊንደሩ ስፋት 84 ሚሊ ሜትር። ፔጆ ግን ዋጋቸው ቀነስ ላሉትና ለጭነት ለተሠሩት 404ዎች የ403ን 1468 ሲሲ ሞተርም ይገጥም ነበር። እሱ 80 ሚሊ ነው። ስትሮካቸው፣ ማለትም ፒስተኑ ሲወጣ ሲወርድ የሚሄደው ርቀት፣ እኩል 73 ነው። ከውጭ ስታያቸው አንዱን ከሌላው ለመለየት የለመደ ዓይን ይጠይቃል።

እኛ አገር ደግሞ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ስንቱ መኪና ሞተር ተቀይሮለታል። ሊብሬው ላይ የተጻፈው ሌላ፣ ኮፋኖ ስር ያለው ሌላ ነው። አንድ የድሬ ወዳጄ ከውጭ ሲመጣ ሙሉ ፒስተን ከነሊነሩ (ፒስተኑ ከሚመላለስበት ቱቦ ጋር)፣ ከነፋሻው (ከቀለበቶቹ ጋር)፣ ካርቶኑ እንኳ ያልተከፈተ ይዞ መጣ። ደስታው ልክ አልነበረውም። መካኒኩ ቴስታታውን፣ ማለትም ሲሊንደሩን ከላይ የሚከድነውን ክፍል፣ አውርዶ ሲለካው የእሱ ሞተር 84፣ የያዘው ዕቃ 80። ሻጩ አላታለለውም፤ «የ404» ብሎ ጠየቀ፣ የ404 ሰጡት። ያን ሁሉ ዩሮ ያፈሰሰበት ዕቃ ዛሬም አልጋ ስር ነው።

ስለዚህ ቴስታታው ይውረድ፣ ቶርኖ ቤት ይሂድ፣ በካሊፐር ይለካ። ሊነሩ ከወጣ አይቀር የክራንክ ሻፍቱንም (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ) መቀመጫ አስቆጥር፤ የቀድሞዎቹ በሦስት ቦታ ነው የሚቀመጡት፣ የኋለኞቹ በአምስት። ፍሬኑንም እይ። የቀድሞዎቹ አራቱም እግር ታምቡር ነው፣ የኋለኞቹ ፊት ላይ ዲስክ አላቸው። ኮፋኖ ስር ያለችውን የብረት ታርጋ በደንብ ጠርገህ ፎቶ አንሳ። ፔጆ ዕቃ ሲቀይር «ከዚህ ቁጥር ጀምሮ» እያለ ስለሆነ፣ የሚያውቅ ሻጭ መጀመሪያ የሚጠይቅህ ያንን ቁጥር ነው።

የአንተ መኪና በድሬና በሐረር መሃል ያለውን የደንገጎን ዳገት ስትወጣ ታፈላ እንደነበር እገምታለሁ። የእኔም እንዲያው ነበረች። ሰው ሁሉ ራዲያተር ቀይር ይልሃል። መጀመሪያ ማራገቢያዋን እይ። የ404 ማራገቢያ ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ በኤሌክትሪክ ማግኔት እየተያዘች የምትዞር ናት፤ ፔጆ በዘመኑ የሚኮራባት ሥራ ነበረች። የእኔዋ ማግኔቷ ተቃጥሎ ዝም ብላ ነበር የምትንሳፈፈው። ከድሬ ተነስተህ ሐረር እስክትደርስ ስድስት መቶ ሜትር በላይ ትወጣለህ፤ በዚያ ሙቀት ማራገቢያ የሌለው ሞተር የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ቴስታታው ስር ያለውን ማሸጊያ) ቢበላ ምን ይገርማል? እኔ ማንሃይም ከሄድኩባቸው ዕቃዎች አንደኛዋ እሷ ናት፤ አግኝቻታለሁም።

2ኛ፦ ገበያው። ቬተራማ ይባላል። መስከረም ሊያልቅ ጥቅምት ሊገባ ሲል፣ ማይማርክት በሚባለው ሜዳ ላይ ነው የሚቆመው። ከፍራንክፈርት ኤርፖርት ማንሃይም በፈጣን ባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ሻጩ በሺዎች ይቆጠራል። አትደንግጥ፤ አብዛኛው የጀርመን መኪና ዕቃ ነው፤ መርሴዲስ፣ ፎልስቫገን፣ ኦፔል፣ ቢኤምደብሊው። የፔጆ ዕቃ እዚህም እዚያም ተበትኖ ነው የምታገኘው። እኔ ያዋጣኝ ዘዴ የመኪና ታርጋ እያዩ መሄድ ነው። የፈረንሳይ፣ የቤልጅግና የሆላንድ ታርጋ ያለው ቫን ካየህ እዚያ ቁም። በጠዋት ግባ፤ ደህና ደህናው ዕቃ የሚያልቀው ያኔ ነው። የመጨረሻው ቀን ከሰዓት ደግሞ ሻጩ ጭኖ መመለስ ስለሚታክተው ዋጋ ይወርዳል። ድሬ ቀፊራ ገበያ ላይ ተከራክሮ የገዛ ሰው እዚያ አይቸገርም።

ትንሽ ጋሪ ያዝ። ጥሬ ዩሮ ያዝ፣ ዝርዝር ይሁን። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የአንዷ ዩሮ ምንዛሪ ሆድ የሚያቆስል ስለሆነ፣ የምትገዛውን በቅደም ተከተል ጻፍ። ከዝርዝሩ ውጪ እጅህን አትስደድ። ኢንጄክሽን የሚል የ404 ዕቃ ካየህ እለፈው፤ ኩግልፊሸር የሚባለው ፓምፕ የራሱ ዓለም ነው፣ ለእኛ ካርቡራተር ሞተር አይሆንም።

ናሙና ደግሞ የግድ ነው። እኔ የውኃ ፓምፑን አሮጌውን አጥቤ በላስቲክ ጠቅልዬ ነበር የሄድኩት። አንድ ሽማግሌ ሻጭ ጋ ደረስኩ። ጠረጴዛው ላይ ምንም አይነት ጽሑፍ የለም፤ በየእንጨት ሣጥኑ ዘይት የጠጣ ብረት ብቻ ነው። ፓምፑን አውጥቼ ሰጠሁት። አንድም ቃል አልተናገረም። ከደረት ኪሱ ካሊፐር አወጣ፤ ዘንጉን ለካ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን ርቀት ለካ፤ ከሣጥኑ አንድ ፓምፕ አነሳ፣ ለካው፣ መልሶ ጣለው። ከጠረጴዛው ስር ሌላ ሣጥን ጎትቶ በጋዜጣ የተጠቀለለ አወጣ። እሱንም ለካ። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ወደ እኔ ገፋቸው። የሚገጥመው ያ ነበር። ቋንቋ አልተግባባንም፤ ብረቱ ግን ተናገረልን።

ከየት እንደመጣሁ እህቴ ስትነግረው ፊቱ በራ። ፔጆ 404 የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ የመኪና ውድድር እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 ያሸነፈች መኪና ናት፤ ሰውየው ያንን ሁሉ ዓመት በጣቱ እየቆጠረ ነገረኝ። እኔም ሐረር ላይ 404 ታክሲ እንደነበረችና ፈረስ መጋላ ላይ ተሰልፈው ይጠብቁ እንደነበር በስልኬ ፎቶ አሳየሁት። እናቴ የቆላችውን ሐረር ቡና በትንሽ በትንሽ ከረጢት ይዤ ነበር። አንዱን ሰጠሁት። ማራገቢያዋን ያገኘልኝ እሱ ነው፤ ጎረቤት ሻጭ ጋ ራሱ ሄዶ አመጣልኝ። ቡና ይዘህ ሂድ።

ቀን ካለህ ወደ ፈረንሳይ ተሻገር። በዚያው በጥቅምት ፓሪስ አጠገብ ለ ቡርዤ ላይ አውቶሜዶን አለ፤ በኅዳር ገደማ ደግሞ ሊዮን ኤፖኮቶ አለ። ለፔጆ እነዚያ ይሻላሉ። ጥር ሊያልቅ ሲል ፓሪስ የሚደረገው ሬትሮሞቢል እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ያለ ትልቅ ነገር ነው፤ ዋጋው ግን ለእኛ ኪስ አይደለም። ሶሾ ላይ ያለው የፔጆ ሙዚየም ማኅበርም ለአሮጌዎቹ ሞዴሎች ዕቃ ይሸጣል፤ ላስቲክ ነገር ካሻህ ከእነሱ እዘዝ። ገበያ ላይ «አዲስ ነው» ተብሎ በፕላስቲክ የታሸገ የቆየ ላስቲክ አትግዛ። ያልተሠራበት ላስቲክም በዕድሜ ይደርቃል። ፍሬን ላይ ገጥመኸው ደንገጎን ስትወርድ ምን እንደሚሆን አስበው።

ላሜራም አትግዛ። ፓራፋንጎ ተሸክመህ አትምጣ። የሐረር ባትላሜራ ሠራተኛ በመዶሻና በአሸዋ ከረጢት የሚያወጣውን ቅርጽ እዚያ ላሉት ሰዎች በቪዲዮ ሳሳያቸው ማመን አቅቷቸው ነበር። የእኛ ልጆች የጎደላቸው እጅ አይደለም።

3ኛ፦ ቤንዚን የነካው ዕቃ። ሶሌክስ ካርቡራተር ወይም የቤንዚን ፓምፕ ከገዛህ ፈታትነህ እጠበው፣ በአየር ንፋው፣ ጸሐይ ላይ አውለው። ቤንዚን የሚሸት ዕቃ አውሮፕላን ላይ አደገኛ ጭነት ነው፤ ፍተሻ ላይ ይወስዱብሃል፣ ልክም ናቸው። ከባድ ከባዱን ከሻንጣው ታች አድርግ። የሚፈቀድልህ ኪሎ የተወሰነ ነው፤ ብረት ደግሞ ቶሎ ይሞላል።

4ኛ፦ ወረቀት። እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት።

የገበያው ሻጭ ደረሰኝ የለውም። ጥሬ ገንዘብ ይቀበላል፣ ዕቃ ይሰጣል፣ አለቀ። እህቴ አስባበት ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የደረሰኝ ጥራዝ ገዝታ ነበር። እያንዳንዱ ሻጭ የዕቃውን ስም፣ ያገለገለ መሆኑን፣ ዋጋውንና ስሙን ጽፎ ይፈርምልናል። ማታ ቤት ስንገባ ዕቃውን ሁሉ ሚዛን ላይ እያወጣን፣ ፎቶ እያነሳን፣ ከደረሰኙ ጋር በተራ ቁጥር አያያዝነው። ሻንጣ ያልቻለውን በካርጎ ላክን።

ዕቃው ሲገባ ላስለቅቅ የሄድኩበትን ቢሮ ስም አልጠራም። ከመስኮት መስኮት ተመላለስኩ። አንዱ «ሲስተም የለም» ይላል፣ አንዱ «ሰውየው ስብሰባ ነው» ይላል፣ አንዱ ከሌላው ማኅተም አምጣ ይላል። በመጨረሻ አንድ ወጣት ካርቶኑን አስከፈተኝ። የካምቢዮውን ጥርስ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ «ይሄን ቁራሌ ነው ከጀርመን ድረስ የጫንከው?» አለኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እሺ፣ ዝም አልኩ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ የአዲስ ዕቃ ዋጋ አገኘና በዚያ ልተምነው አለ! የከፈልኩትን እጥፍ ድርብ። ደረሰኞቼን ሳሳየው «ይሄ የእጅ ጽሑፍ ነው» ብሎ ገፋቸው።

ያኔ ዝም ማለት አልቻልኩም። «ቁራሌ ከሆነ በቁራሌ ዋጋ ተምኑልኝ። አዲስ ነው ካላችሁ ደግሞ ቁራሌ አትበሉኝ» አልኩት። አባቴ በዚያች መኪና ሠርቶ ነው ሁላችንንም ያስተማረን። የእሷን ዕቃ ማንም በሁለት ጣት አንጠልጥሎ እንዲሳለቅበት አልፈቅድም። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ተቆጥቼ አልወጣሁም። የበላዩን አስጠራሁ። አንዲት ትልቅ ሴትዮ መጡ፤ እግዜር ይስጣቸው፣ መነጽራቸውን አድርገው ዝርዝሩን ከቁጥር 1 ጀምረው አነበቡ። ፎቶውን ከዕቃው፣ ኪሎውን ከሚዛኑ፣ ዋጋውን ከፊርማው አስተያዩ። «ሰውየው ሁሉን ነገር ጽፎ አምጥቷል፤ ያገለገለ ዕቃ እንደ ያገለገለ ይተመን» አሉ። ቀረጡን ከፈልኩ፤ መክፈል ግዴታዬ ነው፣ ተቃውሞም የለኝም። ልጁ ግን ይቅርታ አላለኝም። በል እንግዲህ፣ ያ ጥራዝ ባይኖር ዕቃዬ እስከ ዛሬ መጋዘን ውስጥ ነበር። ስለዚህ ደረሰኝ ያላስፈረምክበትን ዕቃ ከነጭራሹ አትግዛ። ዝርዝሩንም በሦስት ኮፒ ያዝ፤ አንዱን ወስደው እንደሚያጠፉብህ እርግጠኛ ሁን።

«ይሄ ሁሉ ድካም ለአሮጌ መኪና?» ያሉህ ሰዎችን አይቻለሁ። አትስማቸው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ሌላ 404 ከውጭ አትመጣም ማለት ነው። ያሉት እነዚሁ በየግቢው የቆሙት ናቸው፤ አንዷ በተቆራረጠች ቁጥር በአንድ ትቀንሳለች። የእኔዋ ዛሬ ደንገጎን ሳታፈላ ትወጣለች፤ ማራገቢያዋ ስትያዝ ጠቅ የሚለው ድምፅ መሪው ላይ ሆኜ ይሰማኛል።

የአንተን ገና ሳላያት ብዙ አወራሁ መሰለኝ። ኮፋኖ ስር ያለችውን የብረት ታርጋ ፎቶና የሲሊንደሩን ልኬት እዚሁ አስቀምጥልኝ። 84 ከሆነች አንድ ያልተነካ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተርፎኛል፤ ሐረር ብቅ ስትል ውሰደው፣ ገንዘብ አልፈልግም። 80 ከሆነች ደግሞ ከዚያ የድሬ ወዳጄ ጋር አገናኝሃለሁ፤ ማንሃይም ሳትሄድ ፒስተንህን እዚያው ሰፈርህ ታገኛለህ።