ዜማውን ከማን እንደተማሩት ጠይቁ

ልጆቼ፣

ሠላሳ ዓመት የእኛን የቤተ እስራኤልን፣ የኢትዮጵያ አይሁዶችን፣ የሽማግሌዎቻችንን ጸሎት ስቀዳ ኖሬያለሁ። አሁን እናንተም የቄሶቻችንን ዜማ በስልካችሁ እየቀዳችሁ፣ ምንጩን እየፈለጋችሁ እንደሆነ አያለሁ። ደስ ይለኛል። የምጽፍላችሁ ስህተቴን እንዳትደግሙት ነው።

መጀመሪያ የቀዳሁት እዚህ እስራኤል፣ አሽዶድ ከተማ፣ አንድ ቄስ ማድ ቤት ውስጥ ነበር። ፍሪጁ እንዳይረብሽ ከሶኬቱ ነቀልኩት። ቴፑን ከፈትኩ። አንድ ስንኝ ብለው ዝም አሉ። ጠበቅኩ። ደግመው ጀመሩ፤ አሁንም ዝም። «አባ፣ ምነው?» አልኳቸው። «የሚቀበለኝ የለማ!» አሉኝ። ለካ አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይቀበላል። ብቻቸውን ማስቀመጤ ጸሎቱን ለሁለት መክፈል ነበር። በሳምንቱ ሌላ ሽማግሌ ይዤ ተመለስኩ። ያን ቀን ካሴቱ አለቀ እንጂ እነሱ አላቆሙም።

ሁለተኛው ስህተቴ ግን ዛሬም ያንገበግበኛል። ካሴቶቹ ላይ የጻፍኩት ቀን ብቻ ነው። የቤተ እስራኤል ዜማ በዜማ ምልክት አልተጻፈም፤ ከአፍ ወደ ጆሮ የወረደ ነው። መንገዱን የምታገኙት መምህር ከመምህር እየተከተላችሁ ነው። ከማን ተማሩት? የት መንደር? በግዕዙ መሀል የአገውኛ ቃል ከሰማችሁም አትዝለሉት፤ የሚመራችሁ እሱ ሊሆን ይችላል።

ስትፈልጉ የሚያስደነግጥ ነገርም ይገጥማችኋል። አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ተመራማሪ ኬይ ሸለመይ እ.ኤ.አ. በ1973 ጎንደር ሄዳ ጸሎታችንን ቀዳች። ከኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ጋር ስታነጻጽረው ብዙ የጋራ ነገር አገኘች። ሥሩንም በ14ኛውና በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረው ምንኩስና ጋር አያያዘችው። ብዙዎቻችን ተቆጣን፤ እኔም ተቆጣሁ። አይሁድነታችን በሚጠየቅበት ዘመን በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነብን።

ቁጣዬን ያበረዱት ሽማግሌዎቻችን ናቸው። አባ ጸብራ የሚባል መነኩሴ ከክርስቲያኖች ወገን መጥቶ ጸሎት እንደደረሰልን፣ የአጼ ዘርዓ ያዕቆብ ልጅ ጸጋ አምላክም ደቀ መዝሙሩ እንደነበር ሳያፍሩ ይናገራሉ። እነሱ ያልፈሩትን እኔ ምን አስፈራኝ?

ደግሞ እኛ ብቻ አይደለንም። አሽከናዞች፣ ማለትም የአውሮፓ አይሁዶች፣ ከሲና ወረደ የሚሉት ዜማ በመካከለኛው ዘመን በራይን ወንዝ ዳር ያደገ ነው። በሐኑካ፣ በአይሁድ የመብራት በዓል፣ የሚዘመረው የ«ማዖዝ ጹር» መዝሙር ዜማ ከድሮ የጀርመን ዘፈን ይዛመዳል። የሶርያዋ የሀለብ ከተማ አይሁዶች የዕብራይስጥ ግጥማቸውን በአረብ ዘፈን ዜማ ያዜማሉ። አይሁዳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ አብርሃም ጽቪ ኢደልሶን እ.ኤ.አ. ከ1911 እስከ 1913 ኢየሩሳሌም ውስጥ የየማኅበረሰቡን ዜማ በፎኖግራፍ እየቀዳ ያስተያይ ነበር። የየመን አይሁዶችን የኦሪት ንባብ ሲሰማ የጥንቱን የላቲን ቤተ ክርስቲያን ዜማ የሚመስል ነገር አገኘበት። ጎረቤት ከጎረቤት ይሰማል። የተሰማውን የራስ ማድረግ ደግሞ ትልቅ ሥራ ነው፤ ትውልድ ይፈጃል።

ለስግድ፣ ለዓመታዊው የጾምና የጸሎት በዓላችን፣ ኢየሩሳሌም ኑ። ቄሶቹ ከየከተማው የሚሰበሰቡት፣ መሪውም ተቀባዩም አብሮ የሚገኘው ያን ቀን ነው። ቅዱ፤ ግን ጸሎቱ ሲያልቅ አትሂዱ። ጾሙ ተፈትቶ ዳቦው ሲቆረስ አጠገባቸው ተቀመጡ። ስማቸውን፣ መንደራቸውን፣ መምህራቸውን ጻፉ። እኔንም እዚያው ታገኙኛላችሁ። የድሮ ካሴቶቼን ስልኬ ላይ ጭኜ ከአንዱ ሽማግሌ ወደ ሌላው እዞራለሁ፤ «ይህን ድምፅ ያውቁታል?» እያልኩ።